ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ በብርሌ

በዚህ ጽሑፍ «እኛ» ስንል ሁለት ሰዎች መሆናችንን አስቀድመን እንነግርሃለን። አንዳችን የፍኖተ ሰላም፣ አንዳችን የቡሬ ልጆች ስንሆን ሁለታችንም የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪዎች ነን። የትኛችን ከየት እንደ መጣን መግለጽ አያስፈልግም፤ የሚያውቀን ያውቀናል።

ነገሩ የተጀመረው በፈረንሳይኛ ትምህርት ክፍለ ጊዜ ነው። በዕለቱ ያነበብነው ምንባብ፣ ሁለት ፍቅረኞች በበጋ ዕረፍታቸው በቡርጎኝ መንደሮች እየተዘዋወሩ ከጓዳ ወደ ጓዳ ወይን ሲቀምሱ የሚተርክ ነበር። ጥላ ባለው መንገድ በብስክሌት ይሄዳሉ፤ ባለ ጓዳው ብርጭቆ ይዞ ይቀበላቸዋል፤ እነርሱም ቀምሰው ስለ ጣዕሙ ይከራከራሉ። ከክፍል እንደ ወጣን «ይህ በእኛስ አገር ለምን አይሆንም?» ተባባልን። የፈረንሳዩ ካስቴል ዝዋይ ድረስ መጥቶ ወይን ተክሎ ሲጠምቅ፣ የማር አገር የሆነው ጎጃም ማንን ይጠብቃል? ደግሞም አንድ ገጽ የሰዋስው መልመጃ ይጠብቀን ስለ ነበር፣ ዕቅድ ማውጣቱ እጅግ ጣፈጠን።

ዕቅዱም ይህ ነበር። ሐምሌ ላይ ተነሥተን በደብረ ማርቆስ፣ በደምበጫና በጅጋ በኩል ፍኖተ ሰላም እንገባለን፤ በዚያ ሁለት ሌሊት እናድራለን። ከዚያ እስከ ቡሬ ያለው መንገድ ከ30 ኪሎ ሜትር እምብዛም ስለማይበልጥ ከፊሉን በእግራችን እንሄዳለን። በመካከሉ ማንኩሳ ላይ አንድ ቀን እንውላለን። ማንኩሳን የጨመርናት ስለ ጠጅ አይደለም። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ በዛብህ የማንኩሳ ልጅ ነውና፣ ሁለት የአርትስ ተማሪዎች ተያይዘው በዚያ ሲያልፉ ዝም ብለው ሊያልፉ አይገባም ብለን ነው። (የበዛብህና የሰብለ ወንጌል መጨረሻ እንዴት እንደ ሆነ ያን ጊዜ ከሁለታችን ማናችንም አላነሣንም።) በየመንደሩ የምንቀምሰውን ጠጅ ቀለሙን፣ ጣዕሙንና የጌሾውን ምሬት የምንመዘግብበት ደብተር ገዝተን በማስመሪያ አሰመርን።

ዕቅዱን በስልክ ያነበብነው ቡሬ አጠገብ ላሉት አያታችን ነው፤ የአንዳችን አያት ቢሆኑም ሁለታችንም እምዬ እንላቸዋለን። እስከ መጨረሻው ካዳመጡ በኋላ፣ «ልጆቼ፣ በሐምሌ ጠጅ ጥሎ የሚጠብቃችሁ ማን ነው?» አሉን።

እውነትም የፈረንሳይን በጋ በእኛ ክረምት ላይ ለጥፈነው ኖሯል። በዚያ አገር ወሩ ሞቃት ነው፤ ጓዳውም ያለፉትን ዓመታት ወይን ይዞ ስለሚቆይ እንግዳ በማናቸውም ጊዜ ቢመጣ የሚቀምሰው አያጣም። በእኛ አገር ሐምሌ ዝናብ ነው፤ ጭቃ ነው። በቡሬና በጃቢ ጠህናን ያለው ገበሬ የበርበሬ ችግኙን ከመደብ ወደ ማሳ የሚያዛውርበት፣ የጎተራው እህል የሚሳሳበት ወቅት ነው። ንቡም ቢሆን ገና ነው፤ አደዩ፣ መጩና ኑጉ አብበው፣ ቀፎው ሞልቶ፣ ዋናው ማር የሚቆረጠው ወደ ኅዳር ግድም ነው። እኛ በጭቃ ደርሰን ደጅ ብናንኳኳ ማንም አይመልሰንም፤ ማር ባይኖር ለክረምት ቀለብ ከተቀመጠችው ዳጉሳ ጠላ ይጠመቅልን ነበር። እኛም ቀምሰን «ትንሽ ቀጥኗል» ብለን በደብተራችን እንጽፍ ነበር። ይህን ስናስብ አፈርን።

እምዬ ግን አላበቁም። «ጠጅ እኮ የሚጣለው ለምክንያት ነው» አሉ። ለሠርግ ነው፣ ለክርስትና ነው፣ ለክብር እንግዳ ነው፤ ለቀማሽ ተብሎ አይጣልም። ቀጥለውም፣ «ለመሆኑ የምታድሩት ምን ተብላችሁ ነው?» ብለው ጠየቁ። በዕቅዳችን ለርቀቱ፣ ለዋጋውና ለጣዕሙ መደብ ነበረው፤ ለዚህኛው ጥያቄ ግን አልነበረውም። ስልኩን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አቀባበልነው፤ ማናችንም መልስ አልሰጠንም። በሁለት ዓመት ትውውቃችን ስለዚህ ነገር አንድ ቀን እንኳ በግልጽ ተነጋግረን አናውቅም ነበር።

የሆነ ሆኖ ጉዞውን ያስቀረው ክረምቱ ብቻ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. በክልሉ ጦርነት ከተነሣ ወዲህ፣ ያ መንገድ ለሽርሽር የሚታሰብ መንገድ አልነበረም። ፍኖተ ሰላም ማለት በግእዝ የሰላም መንገድ ማለት ነው። ዕቅዱን በጻፍንበት ሰሞን ግን ከዚያው ከተማ ያለው ቤተሰባችን በየጊዜው የሚልክብን ቃል «እንዳትመጡ» የሚል ነበር። ስልክ ያልተያዘልን ሳምንትም አለ፤ ያን ሳምንት ደብተሩን አልነካነውም።

ኅዳር ላይ ከቡሬ አንድ ጄሪካን ማርና አንድ እስር ጌሾ በሰው እጅ ደረሰን። እምዬ በስልክ አዘዙን፤ እኛ ሠራን። ገንቦ ገዝተን አጠብን፣ በወይራ አጠንን፤ ጢሱ ግቢውን ቢሞላው አከራይዋ እሳት የተነሣ መስሏቸው ውሃ ይዘው ደረሱ። አንድ እጅ ማር በሦስት እጅ ውሃ በጠበጥን፤ ከጥቂት ቀን በኋላ ጌሾውን ጨመርን፤ ቆይተንም አወጣነው። እርሳቸውም በየማታው «አሁንስ ይፈላል?» ይሉናል፤ እኛም ጆሯችንን ገንቦው ላይ አስጠግተን «ይፈላል» እንላለን።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን በአንድ ብርሌ ሁለታችን ቀመስን። በደብተሩ የመጀመሪያ መስመር ላይ የሰፈረው ይህ ነው፦ «ቦታ፦ የአንዳችን ኪራይ ቤት። ቀለም፦ ብጫ፣ ያልጠራ። ጣዕም፦ ጌሾ በዝቶበታል፤ ግን ጠጅ ነው።» ይህንኑ ለእምዬ አነበብንላቸው። ሳቁና፣ «ሁሉንም ማር ጨረሳችሁት?» ብለው ጠየቁ።

አልጨረስንም፤ ግማሹ አለ አልናቸው።

«እንግዲያው እርሱን እንዳትነኩት። መንገዱ ሲከፈት ሽማግሌ ትልካላችሁ፤ ያን ጊዜ እኔው ራሴ እጥለዋለሁ» አሉ።

ማሩ በቆርቆሮ ሆኖ፣ አፉ በጨርቅ ታስሮ ከአልጋው ሥር ተቀምጧል። በረዶ ስለ ሠራ በማንኪያ እንኳ አይነሣም።