የዶሎሬስ ደወል

ስለ ሜክሲኮ ነጻነት በተነሣ ቁጥር አባ ሚጌል ኢዳልጎ ትዝ ይሉኛል። ወይን የሚተክሉ፣ የሐር ትል የሚያረቡ የገጠር ቄስ ነበሩ። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 16 ቀን 1810፣ እሑድ ማለዳ፣ የሚያገለግሉበት የዶሎሬስ ደብር ደወል ተደወለ፤ የተሰበሰበው ሕዝብ ግን ከእሳቸው የሰማው በስፔን አገዛዝ ላይ የአመፅ ጥሪ ነበር። ሠራዊታቸው የጓዳሉፔዋን እመቤት ሥዕል ይዞ ዘመተ። (ታቦት ይዞ አድዋ ለዘመተ ሕዝብ ልጅ ይህ ብርቅ አይደለም።)

እኔን የሚያበሳጨኝ የቤተ ክርስቲያን አለቆች ነገር ነው። አባ ሚጌልን አወገዟቸው፤ ክህነታቸውን ገፈፏቸው። እሳቸውም በ1811 ተረሸኑ፤ ራሳቸው ተቆርጦ ጓናኋቶ ላይ እስከ 1821 ተሰቅሎ ቆየ።

ደወሉስ? በ1896 ወደ ሜክሲኮ ሲቲ ቤተ መንግሥት ተወሰደ። ዛሬ በየዓመቱ ሴፕቴምበር 15 ማታ የሚደውሉት ቄስ ሳይሆኑ የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ናቸው።