በስንት ገዛኸው?

ዛሬ ከአክስቴ ልጅ ጋር ቨርጂኒያ ዲለር ቤት ውለን መምጣታችን ነው። ደሜ እንደፈላ ስለሆነ ጽሑፉ ቢረዝም ታገሱኝ።

ሻጩ ወንበር ሳንስብ የጠየቀው ያንኑ የምታውቁትን ነው፤ «በወር ስንት ቢሆን ይመችሃል?» ልጁም በየዋህነት «ከ500 ባይበልጥ» አለ። በቃ! ሰውዬው አራት ቦታ የተከፈለች ወረቀት አወጣ፤ ዋጋ፣ የአሮጌው መኪና ግምት፣ ዳውን ፔይመንት፣ ወርሃዊ ክፍያ። ወርሃዊው ላይ 468 ጻፈና ሁለቴ አከበበው። ከሥሩ በደቃቅ ጽሕፈት «84 ወር» ይላል። ብድሩ 30 ሺህ ዶላር፣ ወለዱ 8 በመቶ። 468ን በ84 አባዙትማ፤ 39,300 ገደማ ነው። ያንኑ ብር በ6 በመቶ ለ60 ወር ቢወስደው በወር 580፣ በጠቅላላው 34,800 ይሆናል። መኪናው ያው መኪና ነው! 4,500 ዶላር ግን ሄደ።

8 በመቶው ከየት መጣ? ባንክ በ6 የፈቀደውን ዲለሩ ጨምሮበት በ8 ሊሰጣችሁ ይችላል፤ ከልዩነቱም ድርሻ ያገኛል። ሕጋዊ ነው። ክሬዲት ዩኒየን ሄዳችሁ ብድር አስፈቅዳችሁ ግቡ እያልኩ የምጨቀጭቃችሁ ለዚህ ነው። ደግሞ ጎማው ውስጥ ናይትሮጅን ሞልተናል ብለው 199 ዶላር ደርበውበታል። የምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው እኮ ጎበዝ! ተነስተን ወጣን።

ሻጩስ እንጀራው ነው፤ አልፈርድበትም። እኔን ያንገበገበኝ ሌላ ነው። ልጁ ያንኑ ሞዴል የገዙ ጓደኞቹን አስቀድሞ ጠይቋል። አንዱ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጥሩ ነው» አለው። ሌላው «እንደ ክሬዲትህ ነው» አለው። ቁጥር የነገረው አንድም ሰው የለም።

ለፋሲካ በግ ገዝቶ ወደ ቤት መመለስ ትዝ ይላችኋል? ከሾላ ገበያ እስከ ሰፈር ድረስ የማታውቁት ሰው ሁሉ «በስንት ነው?» ይላል። ሊስትሮው ይጠይቃል፣ የታክሲው ረዳት በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ይጠይቃል፣ በር ላይ የቆሙት እትዬም ላቱን ዳበስ አድርገው ይጠይቃሉ። አባቴ ሳይሰለች ለሁሉም ይመልስ ነበር። ጠያቂው ወይ «አግኝተዋል» ይላል፣ ወይ «ኧረ ተበልተዋል ጋሼ!» ብሎ ያሳቅቀዋል። ግን ያ ሰው ገበያ ሲወርድ ዋጋ አውቆ ነው የሚወርደው። በግ ነጋዴው ከመላው ሰፈር ጋር ነበር የሚከራከረው። በጉ ደግሞ ቢበዛ የሦስት ቀን ወጥ ነው! ሰባት ዓመት የምንከፍልበት መኪና ላይ ሲደርስ ግን አፋችን ይለጎማል። አንዱ ምቀኛ ይፈራል፣ አንዱ «ተበላ» እንዳይባል ይፈራል። ቤተ ክርስቲያን ፓርኪንግ ላይ «እንኳን ደስ ያለህ፣ በሰላም ንዳው» እንባባላለን፤ ጸበል የሚረጭም አይጠፋም። ወለዱን የሚጠይቅ ግን የለም። እያንዳንዳችን ለየብቻችን ገብተን፣ ለየብቻችን ተበልተን እንወጣለን።

የቀረውን ባጭሩ ልበል። በወር ስንት ሲሏችሁ «ታክሱ፣ ታርጋው፣ የወረቀቱ ክፍያ ሁሉ ተጠቃሎ መኪናውን ይዤ የምወጣበትን ዋጋ በጽሑፍ ስጠኝ» በሉ። የወረቀቱ ክፍያ ሜሪላንድ ውስጥ በሕግ ከ800 ዶላር አያልፍም፤ ቨርጂኒያ ግን ጣሪያ የለውም፣ ስለዚህ እሱን ያህል ከመኪናው ዋጋ ላይ አስቀንሱ። አሮጌውን መኪና ሌላ ቦታም አስገምቱ። «በሦስት ቀን ውስጥ መመለስ ይቻላል» የሚባለውን እርሱት፤ ዲለር ቤት ለተገዛ መኪና እንዲህ ያለ የፌዴራል ሕግ የለም። ከመፈረማችሁ በፊት አንብቡ፤ ቸኩለው ቢያጣድፏችሁ ወረቀቱን አስቀምጣችሁ ውጡ።

አሁን ኮሜንት ላይ ጻፉ፤ መኪናው፣ የወጣችሁበት ዋጋ፣ ወለዱ፣ ስንት ወር። የተበላም ይጻፍ፣ ማንም አይስቅበትም። እኔ ልጀምር፤ ያገለገለ ኮሮላ፣ የ2020፣ ሁሉ ተጠቃሎ 18,700 ዶላር፣ 5.9 በመቶ፣ 48 ወር። ቀጥሉ።