ሐኪም እስኪደርስ

እኛ የሥነ ጽሑፍና የታሪክ ተማሪዎች ደምን የምናውቀው በወረቀት ላይ ነው። ጀግናው ደሙን ያፈሳል፣ እናት ደም ታለቅሳለች፤ እኛም ቁጭ ብለን እንተነትናለን። ይሁንና ከመካከላችን ብዙዎቻችን ነገ ጠመኔ ጨብጠን ክፍል የምንገባ ነን። እዚያ የሚፈስ ደም ቢኖር ምሳሌ አይደለም።

ለማስተማር ልምምድ በወጣንበት አንድ ትምህርት ቤት፣ ኳስ የሚጫወት ልጅ ክንዱን የመስኮት መስተዋት ቆረጠው። ደሙ ተንፎለፎለ። አንዱ «ውሃ!» ይላል፤ ሌላዋ «ቡና ነስንሱበት!» ትላለች፤ ዳይሬክተሩ መኪና ፍለጋ ሮጡ። ልጁን ያተረፉት ዘበኛው ናቸው። ጋቢያቸውን አጣጥፈው ቁስሉ ላይ ጫኑና «አይዞህ ልጄ» እያሉ መኪና እስኪመጣ በሁለት እጃቸው ተጭነው ቆዩ። «የት ተማሩት ጋሼ?» ብንላቸው፣ «ጦር ሜዳ ነዋ! እዚያ ማን ሐኪም ይጠብቃል?» አሉን።

ይህ የጦር ሜዳ ዕውቀት በሌላ አገር ወደ ትምህርት ቤት የገባው በመራራ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በአሜሪካ ኒውታውን ከተማ በአንድ ትምህርት ቤት 20 ሕፃናትና 6 ሠራተኞች በጥይት ተገደሉ። ከዚያ በኋላ የቀዶ ሕክምና ሐኪሞች መክረው፣ ወታደር የሚያውቀውን ማንኛውም ሰው ይወቀው አሉ፤ በ2015 ደም የማቆም ዘመቻ ተጀመረ። በ2019 ደግሞ የቴክሳስ ግዛት ትምህርት ቤቶች ዕቃውን እንዲያስቀምጡና ሠራተኞቻቸውን እንዲያሠለጥኑ በሕግ ደነገገ።

ታዲያ ትምህርቱ ምን ያህል ቢሆን ነው? አንድ ሰዓት ገደማ! ንጹሕ ጨርቅ ቁስሉ ላይ አድርጎ በሁለት እጅ አጥብቆ መጫን፤ ቁስሉ ጥልቅ ከሆነ ጨርቁን ወደ ውስጥ መጠቅጠቅ፤ «ቆመ ወይ?» እያሉ ገልጦ አለማየት። የእጅ ወይም የእግር ደም በዚህ እምቢ ካለ፣ ከቁስሉ አራት ጣት ያህል ከፍ አድርጎ፣ መጋጠሚያውን ትቶ፣ ሰፋ ባለ ጨርቅ ማሰር፤ ቋጠሮው ላይ እንጨት አስገብቶ ደሙ እስኪቆም ማጠማዘዝ፤ ሰዓቱን መጻፍና ለሐኪም መተው። ሲባጎ ሥጋ ይቆርጣል፤ ቡናና አፈር ቁስል ያመረቅዛሉ።

25 ኪሎ የሚመዝን ልጅ መላ ደሙ 2 ሊትር ቢሆን ነው። ትልቅ የደም ሥር ከተቆረጠ 5 ደቂቃ ሊገድለው ይበቃል። በ5 ደቂቃ የትኛው አምቡላንስ ይደርሳል?

ስለዚህ ሥልጠናው ለስፖርት አስተማሪው ብቻ አይሁን። ዘበኛዋም፣ የጽዳት ሠራተኛዋም፣ ጸሐፊውም ይማሩ፤ አደጋ ተረኛ አይመርጥም። እኛም የትምህርት ዕቅድ አወጣጥ ተምረን ደም መጫን ሳናውቅ ለልምምድ መውጣታችን ይብቃ። ቀይ መስቀል ከ1927 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን አለ፤ የመጀመሪያ ዕርዳታም ያስተምራል። አንድ ቅዳሜ መርጠን አስተምሩን ብንላቸው ምን ይጎድልብናል? ሳይቃጠል በቅጠል ነው።