ስለ ትልቅ የጀርባ ቦርሳ አመራረጥ

ሰው በእግሩ ረዥም ተራራ ለመውጣት ባሰበ ጊዜ አስቀድሞ የሚጨነቀው ስለ ጫማው ነው፤ ስንቁንና ድንኳኑን የሚሸከምበትን ቦርሳ ግን እንደ ማናቸውም ከረጢት ቈጥሮ በመጨረሻው ቀን ይገዛዋል። እኛም እንዲሁ አድርገን ነበር። የስሕተታችንን ዋጋ የከፈለው ግን ሌላ ሰው ነው፤ ይህን ለመጻፍ ያነሣሣንም ይኸው ነው።

በኅዳር 2011 ዓ.ም. ከአንድ መምህር ወዳጃችን ጋራ ከደባርቅ ተነሥተን በሳንቃበርና በግጭ በኩል እስከ ራስ ደጀን ለመሄድ ተስማማን። ቦርሳውን የመምረጡ ነገር ለእኛ ተተወ። ወዳጃችን ቁመቱ ረዥም ነውና ከሱቁ ውስጥ ትልቁን፣ 85 ሊትር የሚይዘውን መረጥንለት። ሰፊ ቦርሳ ባዶ ቦታው ስለሚያሳሳ፣ ይህም ይግባ ያም ይግባ እያልን 24 ኪሎ ጫንንበት። እሱ ራሱ 60 ኪሎ ያህል ቢመዝን ነው። ሸክም ከሰውነት ክብደት ሩብ ባይበልጥ ይመረጣል የሚለውን ምክር ሰምተን ሳለ፣ በቅሎ መከራየቱን ንቀን ጉልበታችንን አመንን።

በደባርቅ በቅሎ የሚያከራዩ አንድ ሽማግሌ ወዳጃችንን ከኋላው አይተው፣ «ልጄ፣ እንዲህ ያለ ጭነት የእኔን በቅሎ እስከ ማታ በገጠባት ነበር» አሉት። እኛም ሳቅን።

በሦስተኛው ቀን በእሜት ጎጎ በኩል ወደ ጨነቅ ስንጓዝ፣ ጭላዳዎቹ ሣር ሲነቅሉ ለማየት ቆም አልን። ወዳጃችን የውኃ ኮዳውን ሊያነሣ እጁን ቢዘረጋ ቀኝ ክንዱ እንቢ አለው። ራስ ደጀንን ሳናይ ከጨነቅ ተመለስን።

ሐኪሙ እንደ ገለጸልን፣ ከአንገት ወደ ክንድ የሚወርዱት ነርቮች በማንገቻው ተጨቍነው ነበር። ነገሩ የታወቀ ነው፤ ስንቃቸውን በትከሻ ብቻ በሚሸከሙ ወታደሮችም ላይ ይደርሳል። ወዳጃችን አምስት ሳምንት ያህል ጠመኔ ይዞ ከሰሌዳው ራስጌ መጻፍ ስላልቻለ ተማሪ እየጠራ ያስጽፍ ነበር። እኛን አንድ ቀን እንኳ አልወቀሰንም፤ ቢወቅሰን ይቀለን ነበር።

ታዲያ ስሕተቱ ከምን ላይ ነበር? ቦርሳ የሚለካው በሰው ቁመት ሳይሆን በጀርባው ርዝመት ነው። ራስን ወደ ፊት ሲደፉ ከማጅራት በታች ጕልህ ብሎ ከሚወጣው አጥንት ጀምሮ፣ እጅን በወገብ ላይ ሲያደርጉ ከሚዳሰሰው የዳሌ አጥንት አናት ትክክል እስካለው ድረስ ይለካል። የወዳጃችን ቁመት ከእግሩ እንጂ ከጀርባው አልነበረም። ስለዚህ ማንገቻው ትከሻው ላይ ሲደላደል መታጠቂያው ከዳሌው በታች ወርዶ አላራምድ አለው፤ እሱም ፈታው። ያን ጊዜ 24ቱ ኪሎ በሙሉ በትከሻው ላይ ተንጠለጠለ።

በእኛ አስተያየት ከቦርሳው ሁሉ ክቡሩ ክፍል ይህ የወገብ መታጠቂያ ነው። በ1952 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ ዲክ ኬልቲ የአሉሚኒየም ቋሚ ያለው ቦርሳ ከመታጠቂያው ጋራ ለገበያ ማቅረብ ከጀመረ ወዲህ፣ የከባድ ሸክም አብዛኛው ክብደት በዳሌ ላይ እንዲያርፍ ይደረጋል፤ ትከሻ ቦርሳው ወደ ኋላ እንዳይጎትት ይይዘዋል። አጫጫኑም እንደዚሁ ነው። የመኝታ ከረጢቱ ከታች፣ ከባዱ ስንቅ ከመካከል ጀርባን ተጠግቶ፣ ቀላሉ ልብስ ከውጭ በኩል ይገባል። እኛ ድስቱንና ቆርቆሮውን ከውጭ ኪስ ጠቅጥቀን ነበር፤ ሽማግሌው ያዩትም ይህን ሳይሆን አይቀርም።

በሚቀጥለው ዓመት ወዳጃችን ሌላ ቦርሳ ሊገዛ ሲሄድ አብረነው ሄድን፤ ምርጫውን ግን ለራሱ ተውንለት። የልብስ ሰፊ ሜትርና 15 ኪሎ ጤፍ በጆንያ ይዞ ነበር። ባለ ሱቁ እየሳቀ ጤፉን በ65 ሊትሩ ቦርሳ ውስጥ አስገባለት። ወዳጃችን መታጠቂያውን አጥብቆ በሱቁ ደረጃ ግማሽ ሰዓት ያህል ወጣ ወረደ፤ ከዚያም ቀኝ እጁን ከራሱ በላይ አንሥቶ ጣቶቹን አንድ በአንድ አንቀሳቀሰና ዋጋውን ጠየቀ።