የልደት ማዕድ በላሊበላ

የበዓል ማዕድ የሚያምረው በምግቡ ብዛት ብቻ አይደለም፤ ማን ከማን ጋራ እንደሚበላ አስቀድሞ የታሰበበት እንደ ሆነ ነው። ይህን ነገር ብዙ ሰው በቃል ያውቀዋል። ነገር ግን በዓል በቀረበ ጊዜ የቤቱ ሐሳብ ሁሉ ወደ ገበያ ይሄድና፥ የሚገዛው ሲቈጠር የሚበላው ሰው ሳይቈጠር ይቀራል። በ2015 ዓ.ም. የልደትን በዓል ከዘመዶቻችን ጋራ ለማክበር ወደ ላስታ ሄደን በላሊበላ ከተማ ያየነው የማዕድ አሰናዳድ ከዚህ የተለየ ስለ ነበረ፥ ለቤት እመቤቶችና ለቤት አባቶች ይጠቅማል በማለት እንደሚከተለው ጽፈነዋል።

የጉዞው ምክር የተጀመረው ጾመ ነቢያት በገባ ሰሞን ነው። ይህ ጾም ከኅዳር 15 ቀን እስከ ታኅሣሥ 28 ቀን 44 ቀን የሚጾም ሲሆን፥ በዚህ ጊዜ ሥጋና ወተት፥ ቅቤና ዕንቍላል ከጿሚ ቤት ይርቃሉ። ስለዚህ የልደት ማዕድ እንደ ሌላ ቀን ምሳ አይደለም፤ ከአርባ ቀን በላይ ሲጠበቅ የቈየ ማዕድ ነው። በአዲስ አበባ የምንኖር ሰባት ዘመዳሞች አንድ እሑድ ተሰብስበን፥ በላሊበላ የሚቀበሉን አክስታችን ስለ ሆኑ፥ ምን ይዘን እንሂድ ብለን ተማከርን።

አክስታችን ባል የሞተባቸው ሴት ናቸው፤ ኑሯቸውም ከእንግዳ ጋራ የተያያዘ ነው። በግቢያቸው ካሉት ክፍሎች ሁለቱን ለተሳላሚና ለአገር ጐብኚ እያከራዩ ይኖሩ ነበር። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ በመጣ ጊዜ ጐብኚው ቀረ፤ በ2013 ዓ.ም. መጨረሻም ጦርነቱ ከተማይቱ ድረስ ስለ ገባ፥ እስከ 2014 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር ሕዝቡ በብዙ ጭንቅ አለፈ። የሰላሙ ስምምነት የተፈረመው ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ነበርና፥ እኛ የሄድንበት ልደት ከዚያ ወዲህ የመጀመሪያው ነበረ። ሰባት ሰው ባንድ ጊዜ በእንዲህ ያለ ቤት ላይ መውረዱ ለባለቤቲቱ ደስታም ነው፥ ሸክምም ነው። ደስታው እንዲቀር አልፈለግንም፤ ሸክሙን ግን ለሰባት ተከፋፈልነው። አንዱ በርበሬውንና ቅመሙን፥ አንዱ ቅቤውን፥ ሌላው ቡናውንና ስኳሩን ለመያዝ ተስማማ። ዶሮውና ሽንኩርቱ ከላሊበላ የቅዳሜ ገበያ ይገዛ ዘንድ የቀሩት ገንዘብ አዋጥተው አስቀድመው ላኩ። ከሩቅ አገር የተሸከሙት ዶሮ ይደክማል፤ የአገሩም ነጋዴ በበዓል ሰሞን ጥቂት ማትረፍ ይገባዋልና።

ታኅሣሥ 23 ቀን ማለዳ ከአዲስ አበባ ተነሥተን፥ ደብረ ብርሃንን በብርዷ ወቅት አልፈን፥ የጣርማ በርን ዋሻ ተሻግረን ወደ ደብረ ሲናና ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ ወረድን። ከብርዱ ወደ ሙቀቱ የሚወርደው ያ ቍልቍለት ደጋንና ቆላን በአንድ ቀን የሚያሳይ ነው። ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው በደሴ አድረን፥ በማግሥቱ በወልድያ በኩል ወደ ምዕራብ ታጥፈን፥ ከጋሸና በኋላ ወደ ሰሜን አቀናን። ከጋሸና ወዲያ በመንገዱ ዳርና ዳር ነጭ የለበሱ ሰዎች እየበዙ ሄዱ። ስንቃቸውን በጀርባቸው አዝለው፥ በትራቸውን ይዘው በእግራቸው የሚጓዙ ተሳላሚዎች ነበሩ። ከእነርሱም አንዳንዶቹ ብዙ ቀን የተጓዙ መሆናቸውን ከእግራቸው አቧራ መረዳት ይቻል ነበር።

ላሊበላ ቀድሞ ሮሃ የምትባል፥ ከባሕር ወለል በላይ 2500 ሜትር ያህል ከፍታ ያላት የተራራ ከተማ ናት። ከአንድ ወጥ አለት የተፈለፈሉት 11 አብያተ ክርስቲያናት በዓለም ሁሉ የታወቁ ሲሆኑ፥ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ተጽፈዋል። ንጉሥ ላሊበላ በተወለደ ጊዜ ንቦች ከበቡት፥ እናቱም ንቦች ንግሥናውን ዐወቁ ስትል ይህን ስም አወጣችለት የሚል ትውፊት አለ። የአገሬው ሰው የንጉሡን ልደት ከጌታ ልደት ጋራ ባንድ ቀን ያከብራል። ስለዚህ ታኅሣሥ 29 ቀን በዚያች ከተማ ዕጥፍ በዓል ነው፤ የእንግዳውም ብዛት ከከተማው ነዋሪ ይበልጣል። የነዋሪው ልማድ የተሳላሚውን እግር አጥቦ፥ ማደሪያ ሰጥቶ፥ ካለው ማካፈል ነው። ቤት የሌለው በግቢው፥ ግቢ የሌለውም በደጁ ያስጠጋል።

ከአክስታችን ቤት ስንደርስ ጠላው ከተጠነሰሰ ሁለት ሳምንት ሊሞላው ተቃርቦ ነበር። ጌሾው አስቀድሞ ተወቅጦ በውሃ ተነክሯል፤ በኋላም ብቅሉና ቂጣው ገብቶ ድፍድፉ ደርሷል። ለበዓሉ ቀን ማጥለል ብቻ ነበር የቀረው። ከማእድ ቤቱ ግድግዳ ላይ በከሰል የተጫሩ ብዙ መስመሮች አየን። ምን እንደ ሆኑ ብንጠይቃቸው፥ «ሰው ነዋ! እናንተ ሰባት፥ እኛ አምስት፥ የነፍስ አባታችን አንድ፥ በግቢያችን ያረፉት ተሳላሚዎች ዘጠኝ» ሲሉ መለሱልን። ድምሩ 22 ነበረ። የገዙት ዶሮ ግን ሦስት ነው፤ አንድ ዶሮ በወጉ ሲገነጠል 12 ብልት ስለሚወጣው፥ ለ22 ሰው 36 ብልት መሰናዳቱ ነው። የቀረው ለማን እንደ ሆነ ብንጠይቃቸው፥ «ላልተቈጠረው እንግዳ ነው፤ እሱ የማይመጣበት ልደት አላውቅም» አሉን።

በዚያው ምሽት ግን በቤቱ አንድ ከባድ ምክር ነበረ። አክስታችን ለበዓሉ ሲቀልቡት የከረሙት አንድ ሙክት በግ አላቸው። ወልድያ ሄዶ የሚማረው የልጅ ልጃቸው ደግሞ የቤት ኪራይና የመጽሐፍ ዋጋ ያስፈልገው ነበር። ታላቁ ልጃቸው፥ «እናቴ፥ በጉ ይሸጥ፤ ዶሮው ይበቃናል» አለ። እሳቸውም፥ «አባትህ ካለፈ ወዲህ እንኳ በግ ሳይታረድ የዋለ ልደት በዚህ ቤት የለም፤ እንግዳ ምን ይላል?» ብለው ተቈጡ። እኛም ገንዘቡን እንስጥ ብንል፥ ከእንግዳ ኪስ አልበላም በማለት እንደማይቀበሉ ስለ ዐወቅን ዝም አልን። ክብራቸው የሚጠበቅበትን መንገድ መፈለግ ይገባ ነበር።

መንገዱም በጎረቤት ተገኘ። በሰፈሩ ዐሥር ቤቶች ተባብረው አንድ በሬ ለቅርጫ ገዝተው ኖሮ፥ አንድ መደብ ገና ባለቤት አልተገኘለትም። ቅርጫ እንደሚታወቀው በሬው በበዓሉ ዕለት ታርዶ፥ እያንዳንዱ ብልት በመደቡ ቍጥር እኩል እየተካፈለ በቅጠል ላይ ይደረደርና፥ የትኛው መደብ ለማን እንደሚደርስ በዕጣ የሚለይበት ልማድ ነው። በዕጣ ስለሚለይም ባለጸጋው የተሻለውን፥ ድኻው የከፋውን አይወስድም። እኛ ሰባታችን ያን መደብ በአክስታችን ስም ገዛን፤ ይህም ስጦታ ሳይሆን ከሰፈሩ ጋራ መካፈል በመሆኑ አላሳፈራቸውም። ሌሊቱን ሲያስቡበት አድረው በማለዳ ልጃቸውን ጠርተው፥ «በጉን ውሰድና ሽጠው። እንግዳ ማጣት እንጂ በግ ማጣት አያሳፍርም» አሉት። በዚያው ቀን በጉ ተሸጦ የልጁ ኪራይ ተከፈለ።

ታኅሣሥ 28 ቀን፥ ይኸውም በገሃድ ዕለት፥ የማእድ ቤቱ ሥራ ሁሉ ባንድ ላይ ሆነ። ዶሮው ተበልቶ በሎሚና በጨው ደጋግሞ ታጠበ። ለአንድ ዶሮ ሁለት ኪሎ ያህል ሽንኩርት ስለሚገባ፥ ወንዶቹም ሽንኩርት ከመላጥና ከመክተፍ አላፈርንም። ሽንኩርቱ ያለ ቅቤ በለዘብተኛ እሳት ለብዙ ሰዓት ሲቍላላ ቈይቶ በርበሬው ገባበት፤ ከዚያም ተነጥሮ የተቀመጠው ቅቤ ተከተለ። በዚህ ቀን ግን አንድ ችግር አለ፤ ወጡን የምትሠራው ሴት ጿሚ ናትና መቅመስ አትችልም። አክስታችን ቅመሙን በሽታው፥ ውፍረቱን በማማሰያው ላይ ያውቁታል፤ ለጨው ግን አምስት ዓመት የሆናትን ሕፃን ጠርተው በጭልፋ ጫፍ ያቀምሷታል። ሕፃኒቱም ከሰባት ዓመት በታች በመሆኗ ጾም አልደረሰባትምና፥ «ትንሽ ይጨመር» ወይም «በቃ» እያለች እንደ ትልቅ ሰው ትፈርድ ነበር። በሰላሳ ሰው ማዕድ ላይ የአንዲት ሕፃን ፍርድ እንዲህ ያለ ሥፍራ አለው።

በዚያው ማታ አክስታችን የተናገሩለት ያልተቈጠረ እንግዳ መጣ። ዐሥራ አንድ ተሳላሚዎች መሽቶባቸው ማደሪያ አጥተው በደጁ ቆሙ፤ ከእነርሱም መካከል ሁለት ሽማግሌዎች ነበሩ። ማንም ማንንም ሳይጠይቅ ውሃ ሞቀ፥ እግራቸው ታጠበ፥ በግቢው ጥግም ጭድ ተነጠፈላቸው። በግድግዳው ላይ ዐሥራ አንድ መስመር ተጨመረ፤ ቍጥሩም 33 ሆነ።

ሌሊቱን በቤተ ክርስቲያን አደርን። ሲነጋ ካህናቱ ለሁለት ተከፍለው፥ እኩሌቶቹ ማሜ ጋራ በሚባለው በቤተ ማርያም ዙሪያ ባለው ግንብ አለት ላይ፥ እኩሌቶቹም ከታች በግቢው ቆመው «ቤዛ ኵሉ»ን ሲቀባበሉ ሰማን። ከላይ ያሉት የመላእክት፥ ከታች ያሉት የእረኞች ምሳሌዎች ናቸው። የከበሮውና የጽናጽሉ ድምፅ፥ የነጩም ልብስ ብዛት ለዓይንና ለጆሮ የማይጠገብ ነበር።

ከዚያ ተመልሰን ለማዕድ ስንቀርብ ከቀኑ አራት ሰዓት ሆኖ ነበር። በመጀመሪያ ለሆድ እንዲለዝብ የተልባ ውሃ ተሰጠን፤ ብዙ ቀን ከቅባት ርቆ የከረመ ሆድ በድንገት ሲጫንበት ይታወካልና ይህ ብልሃት ነው። የነፍስ አባት ማዕዱን ባረኩ፤ ድፎ ዳቦው ተቈረሰ። ቡራኬው እንዳለቀ አክስታችን እንደ ልማዳቸው ወደ ማእድ ቤት ሊመለሱ ሲሉ፥ ታላቁ ልጃቸው እጃቸውን ይዞ ከነፍስ አባታቸው አጠገብ አስቀመጣቸው። የመጀመሪያውን ጕርሻ ያጐረሰቻቸው ያች ጨው የቀመሰችው ሕፃን ነበረች። ወጡን የማውጣቱን ሥራም በዚያ ቀን ወንዶቹ ሠራነው።

ተሳላሚዎቹ ከቤተ ሰቡ ተለይተው አልበሉም፤ በየመሶቡ ዙሪያ ዘመዱና እንግዳው ተቀላቅሎ ተቀመጠ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ፈረሰኛ የሚባለው ብልት ሲደርሳቸው፥ ለቤቱ አባት የሚገባ ነው ብለው ሊመልሱ ፈለጉ። አክስታችንም፥ «ዛሬ የቤቱ አባት እርስዎ ነዎት፥ አባቴ» አሏቸው። ሽማግሌውም እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። ከዶሮው ሦስት ብልት ቀርቶ ነበር፤ እሱም በጎረቤት ላለች አራስ ተላከ። ከቅርጫው ሥጋም ጥብስ ተጠብሶ፥ የተረፈው ለቋንጣ ተዘለዘለ። ሳይበላ ተበላሽቶ የተጣለ ነገር በዚያ ቤት አላየንም።

ከዚህ ሁሉ ለአንባቢዎቻችን ልናስተላልፈው የምንወደው ምክር ጥቂት ነው። አስቀድሞ የሚበላው ሰው ይቈጠር፤ ከቍጥሩም በላይ ለማይታወቀው እንግዳ ጥቂት ይታሰብ። ጊዜ የሚፈልገው ጠላና በርበሬ በጊዜው ይጀመር፤ ሥራው ሁሉ በገሃድ ዕለት በአንዲት ሴት ላይ አይውደቅ። በብድር የተገዛ በግ በዓሉ ካለፈ በኋላ ባለቤቱን እንደሚበላ አይረሳ፤ አቅም ያነሰው ከጎረቤቱ ጋራ መደብ ቢካፈል ክብሩ አይቀነስም። ወደ ዘመድ የሚሄድም ሰው አስቀድሞ ተማክሮ ሸክሙን ይከፋፈል እንጂ ባዶ እጁን አይሂድ። ከሁሉ ይልቅ ግን ማዕዱን ያሰናዳችው እናት ማዕዱ ሲቀርብ በወንበሯ ላይ መኖሯ ይታይ። እሷ ቆማ የተበላ ምግብ ቢጣፍጥም፥ ከቤቱ ሰው አንዱ ጐድሎበታል።