የተራራው ጥላ ወገን

ያችን ጥቁርና ነጭ ክብ የማያውቃት የለም። የካራቴ ቤት ማስታወቂያ ላይ ትሳላለች፤ ካናቴራ ላይ ትታተማለች፤ የጆሮ ጌጥ ሆና ትንጠለጠላለች። ሁለት ዓሦች ተቃቅፈው የሚዞሩ ይመስላሉ፤ ጥቁሩ ዓሣ ነጭ ዓይን አለው፣ ነጩ ደግሞ ጥቁር። እኔም ዘንድ አንዲት አለች፣ ከቤት ቁልፎቼ ጋር ታስራ። የሰጠችኝ የእህቴ ልጅ ናት። ባለቤቴ ባረፈች በስምንተኛው ወር ግድም መጥታ፣ «ጋሼ፣ አንተ እኮ ያጣኸው ባላንስ ነው» ብላ መዳፌ ላይ አስቀመጠችልኝ። ግማሽ ሐዘን፣ ግማሽ ደስታ፣ ሒሳቡ ተዘጋ ማለቷ ነው። ልጅቷን እወዳታለሁ፤ ቁልፍ መያዣውንም እስከ ዛሬ ይዤዋለሁ። የሒሳቡን ነገር ግን ቻይናዎቹ ራሳቸው እንደዚያ አላሰቡትም።

ሥነ ጽሑፍ አስተምር በነበረበት ዘመን ለጥንታዊት ቻይና የምትተርፈን ሁለት ሳምንት ብቻ ነበረች። በዚያችው ጊዜ ሰሌዳውን ለሁለት እከፍልና በአንደኛው ወገን ዪን፣ በሌላው ያንግ ብዬ እጽፋለሁ። ከዪን ሥር ጥላ፣ ቅዝቃዜ፣ ውሃ፣ ምድር፣ ሴት፣ ሌሊት፣ ዕረፍት። ከያንግ ሥር ፀሐይ፣ ሙቀት፣ እሳት፣ ሰማይ፣ ወንድ፣ ቀን፣ እንቅስቃሴ። ጠመኔውን ሳላስቀምጥ አንድ እጅ ይወጣል። በየዓመቱ ተማሪው ይለዋወጣል እንጂ ጥያቄው ያው ነው፤ «መምህር፣ መጨረሻ ላይ ማን ያሸንፋል?»

ጥያቄው የሚሳቅበት አይደለም። እኛ ብርሃንና ጨለማ ሲባል የሚታየን ጦርነት ነው። በጸሎታችንም በተረታችንም ጨለማ የሚሸነፍ ነገር ነው። የጥንት ፋርሶችም ከዚህ ብዙ የራቁ አልነበሩም። በዚህ ያደገ ሰው ጥቁሩን ዓሣ ሲያይ ሰይጣን ቢታየው ምን ይፈረድበታል?

ተማሪዎቼን ከጦር ሜዳው የማወጣቸው በተራራ ነበር። ሁለቱ ቃላት መጀመሪያ የፍልስፍና ቃላት አልነበሩም። ያንግ ማለት ፀሐይ የሚያርፍበት የተራራ ወገን፣ ዪን ደግሞ ጥላ ያረፈበት ወገን ነው። በቻይንኛ ሲጻፉም ሁለቱም ጎናቸው ላይ የጉብታ ምልክት ይዘዋል። የከተማ ስም ውስጥ ገብተው እስከ ዛሬ አሉ። ከታኦይስቶች ቅዱሳን ተራሮች አንዱ በሆነው በኋ ተራራ ሰሜናዊ ግርጌ ያለችው ከተማ ኋዪን ትባላለች፤ የኋ ጥላ እንደማለት። ሉዎያንግ ደግሞ ከሉዎ ወንዝ በስተ ሰሜን የተቆረቆረች ናት፤ ወንዝ ሲሆን ፀሐይ የሚያገኘው የሰሜኑ ዳርቻ ነውና። (ይሄ ሁሉ ፀሐይን ዓመቱን ሙሉ በደቡብ በኩል ለሚያይ ሰው ነው። እኛ ዘንድ በሰኔ ወደ ሰሜን ዞር ስለምትል፣ ቃላቱን ያወጣናቸው እኛ ብንሆን ኖሮ ከተሞቻችንን በዓመት ሁለት ጊዜ ክርስትና ልናነሣቸው ነበር።)

እንግዲህ ተራራው አንድ ነው። ጠዋት ጥላ የነበረው ሸንተረር ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ይሆናል። የፀሐዩ ወገን የጥላውን ወገን ድል ነሣው የሚል እረኛ አይገኝም። ሲሞቀው ወደ ጥላው፣ ሲበርደው ወደ ፀሐዩ ከብቱን ይነዳል እንጂ።

ይህን አስተሳሰብ የፈጠሩት ታኦይስቶች አይደሉም። ሐኪሙም፣ ዘመን ቆጣሪውም፣ የኮንፊሽየስ ተከታዩም ይገለገልበት ነበር። የታኦይስቶቹ ድርሻ ሌላ ነው። የላኦ ትዙ ናት የምትባለውን፣ በ81 አጫጭር ምዕራፎች የተከፈለችውን መጽሐፍ ሚዛን ፈልጎ የሚገልጣት ሰው ግራ ይገባዋል። መጽሐፏ ሚዛን አትይዝም፤ ታደላለች። ለውሃ ታደላለች፤ ለሸለቆ፣ ለሕፃን ልጅ፣ ለእናት፣ ዝቅ ላለው ስፍራ፣ ባዶ በመሆኑ ለሚጠቅመው የሸክላ ሆድ ታደላለች። ባጭሩ የዪን ወገንተኛ ናት። ለምን ቢሉ ዘመኑን ማየት ነው። ታሪክ ጸሐፊዎች የተፋላሚ መንግሥታት ዘመን ይሉታል፤ ያበቃው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ221 ነው። ንጉሡ፣ ጭፍራው፣ ከቤተ መንግሥት ቤተ መንግሥት እየዞረ ምክር የሚሸጠው ሊቅ ሁሉ እሳት ነበር። ሚዛን የሚስተካከለው በቀለለው ወገን ላይ ሲጨመር ነው። በሁለቱም ወገን እኩል ቢጨምሩበት እንደተዛነፈ ይቀራል።

ይህን ሁሉ የማውቀው ከመጽሐፍ ነበር። ከዚያ ደጃፌ ላይ ድንኳን ተተከለ።

ባለቤቴ ያረፈችው በጥቅምት ነው። ሦስት ቀን ሰው ገባ፣ ሰው ወጣ። በዚህ ቅሬታ የለኝም፤ ያለዚያ ድንኳንና ያለ ዕድርተኞቹ እነዚያን ሦስት ቀናት አላልፋቸውም ነበር። የሚገርመኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። አርባዋ እንደወጣ «በርታ» ተጀመረ። በርታ፣ ተነሥ፣ ወጣ ወጣ በል፣ ወንድ አይደለህም እንዴ፣ ጻፍ፣ ጂም ግባ፣ ሰው ተዋወቅ። ሁሉም ከፍቅር ነው። ሁሉም ያንግ ነው።

ያን ሰሞን ዧንግ ዚን እንደገና ከመደርደሪያው አወረድኩት። ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራተኛው መቶ ዓመት የኖረ፣ ከላኦ ትዙ ቀጥሎ የታኦይስቶች ሁለተኛ ዓምድ የሆነ ሰው ነው፤ ቀልደኛም ነው። በስሙ በተጠራው መጽሐፍ ውስጥ ተማሪ ሁሉ የሚወዳት አንዲት ታሪክ አለች። ሚስቱ ሞተች። ወዳጁና የዘወትር ተከራካሪው ሁዊ ዚ ሊያጽናናው ቢሄድ፣ ሰውየው እግሩን ዘርግቶ መሬት ላይ ተቀምጦ የሸክላ ዕቃ እንደ ከበሮ እየመታ ይዘፍናል። ሁዊ ዚ ተቆጣ። አብራው የኖረች፣ ልጆቹን ያሳደገች፣ አብራው ያረጀች ሴት ናት፤ አለማልቀሱ አንሶ ጭራሽ ዘፈን!

ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው እስከዚህች ነው። ከዚያም ታኦይስት ማለት ሐዘን የማይነካው ድንጋይ ነው ብሎ ይደመድማል። የዧንግ ዚ መልስ ግን የሚጀምረው ማዘኑን በመናገር ነው። እንደሞተች እሱም እንደማንኛውም ሰው አዝኗል። ቀጥሎ ሐሳቡ ወደ ኋላ ሄደ፤ ከመወለዷ በፊት፣ አካል ከማግኘቷ በፊት፣ ቺ የሚሉትን እስትንፋስ እንኳ ከማግኘቷ በፊት። ከዚያ ቅርጽ የለሽ ነገር ውስጥ ቺ መጣ፤ ቺው አካል፣ አካሉ ሕይወት ሆነ፤ አሁን ደግሞ ሞት፤ አራቱ ወቅቶች እንደሚፈራረቁት። እነሆ በሰማይና በምድር መካከል በሰፊ እልፍኝ ተኝታለች። ተኝታ ሳለች እሪ ማለቱ ነገሩ እንዳልገባው ሰው ስለመሰለው ልቅሶውን ተወ።

እውነቱን ለመናገር ከመጨረሻዋ አነጋገር ጋር አልስማማም። የእኛ አልቃሽ ሙሾ የምታወርደው ነገሩ ሳይገባት ቀርቶ አይደለም፤ ከማንም በላይ ገብቷት ነው። እኔን የያዘኝ ሁዊ ዚ ዘግይቶ መድረሱ ነው። ዘፈኑን ሰማ እንጂ ከዘፈኑ በፊት የነበሩትን ሌሊቶች አላየም። መጽሐፉም ስንት እንደነበሩ አይናገርም፤ ጨዋ መጽሐፍ ነው። ብቻ ማንም በራፉን አንኳኩቶ «በል አሁን ይበቃሃል፣ እንካ ምታ» ብሎ የሸክላ ዕቃውን እንዳላቀበለው እርግጠኛ ነኝ።

እዚህ ላይ ባላንስ የሚለውን ቃል የበለጠ የሚያስቸግር ነገር አለ። ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ የተነሡት የታኦይስት መነኮሳት ግባቸው እኩል ለእኩል አልነበረም፤ ንጹሕ ያንግ መሆን ነበር። ከስምንቱ የማይሞቱ ቅዱሳን አንዱ የሆነው ሉ ዶንግቢን ማዕርጉ ራሱ ንጹሕ ያንግ የሚል ነው። ታዲያ ተማሪዬ ልክ ነበር፣ በመጨረሻ ያንግ ያሸንፋል ማለት ነው? መንገዱን ያየ ሰው እንዲህ ለማለት ይቸገራል። እሳት ወደ ላይ፣ ውሃ ወደ ታች መሄድ ይወዳሉ፤ ለብቻቸው ከተተዉ ይለያያሉ። ተመስጦ የያዘው መነኩሴ የልቡን እሳት ከታች፣ የኩላሊቱን ውሃ ከላይ ያደርጋል፤ ድስት ምድጃ ላይ እንደመጣድ ያለ ነገር ነው። የሚፈልገው ያንግ ያለው ደግሞ እሳቱ ውስጥ አይደለም። በጥንቱ ምልክት ውሃ የሚጻፈው በሁለት የተቆረጡ መስመሮች መካከል አንድ ሙሉ መስመር ሆኖ ነው። ሙሉዋን መስመር ለማግኘት ውሃው ውስጥ መግባት ግድ ነው።

ከሁሉ የምወደው ዋንግ ቾንግያንግን ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1113 እስከ 1170 የኖረውን፣ እስከ ዛሬ ቤጂንግ ውስጥ የነጭ ደመና ገዳም ያለውን የቿንጄን ሥርዐተ ምንኩስና የመሠረተውን። ቾንግያንግ ማለት ድርብ ያንግ ማለት ነው። ይህ በስሙ ሁለት ፀሐይ የተሸከመ ሰው መምህር ከመሆኑ በፊት ምን አደረገ? በጆንግናን ተራሮች ግርጌ መሬት ቆፍሮ፣ የሕያው ሙት መቃብር ብሎ ሰየመውና ለዓመታት እዚያ ውስጥ ተቀመጠ። ዛሬ ቢሆን ዘመዶቹ ምን እንደሚሉት መገመት አያቅተኝም። ከዚያ ጉድጓድ ወጥቶ ነው ወደ ምሥራቅ ሄዶ ሰባቱን ታላላቅ ደቀ መዛሙርት ያፈራው፤ ከሰባቱ አንዷ ሱን ቡ ኤር የምትባል ሴት ናት።

የዓመት አቆጣጠራቸውም ይህንኑ ይከተላል። ሌሊቱ በጣም የሚረዝምበት ዕለት፣ በእኛ ታኅሣሥ 12 ወይም 13፣ እንደነሱ አስተሳሰብ ያንግ የሚወለድበት ዕለት ነው። ምልክቱ አምስት የተቆረጡ መስመሮች ከላይ፣ ከሥር አንዲት ብቻ ሙሉ መስመር ነው፤ ስሙም መመለስ ይባላል። የጥንት ነገሥታት ያን ዕለት የድንበር በሮችን ይዘጉ እንደነበር የለውጦች መጽሐፍ በሚባለው በዪ ጂንግ ተጽፏል። ነጋዴ መንገድ አይጀምርም፤ ንጉሡም አገር ለመጎብኘት አይወጣም። ከሥር ያለችው መስመር ገና ጨቅላ ናት፤ በርቺ አይሏትም።

ባለፈው ታኅሣሥ በዚያች ሌሊት ስልኬን አጥፍቼ በጊዜ ተኛሁ። ጠዋት ስከፍተው አሥራ አንድ ሰው ደውሎልኝ ነበር።