ስለ ቤተ ዘመድ ስም

በእንግሊዝ አገር ካሉት የቤተ ዘመድ ስሞች ሁሉ የበዛው «ስሚዝ» የሚባለው ነው። ትርጓሜውም ብረት ቀጥቃጭ ማለት ሲሆን፣ እኛ በቤተ ክህነት ትምህርት በግዕዝ «ነሃቢ» ብለን የተማርነው ነው። በአሜሪካ በ2010 ዓመት እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ሕዝብ በተቈጠረ ጊዜ በዚህ ስም የሚጠራው ሰው ከ2 ሚሊዮን 4 መቶ ሺህ በላይ ሆኖ ተገኝቷል። የጀርመኑ ሽሚት፣ የሩሲያው ኩዝኔትሶፍ፣ የዓረቡ ሐዳድ ትርጓሜያቸው ይኸው ነው።

ታዲያ ቀጥቃጭ ከገበሬ ይልቅ በዝቶ ነበርን? አይደለም። በመንደሩ ያለው ሁሉ ገበሬ ስለ ነበረ «ገበሬው ዮሐንስ» ቢሉት ከሌላው ዮሐንስ አይለይም፤ ቀጥቃጭ ግን በየመንደሩ አንድ ወይም ሁለት ነበርና በሥራው መጥራት በቂ ምልክት ሆነ። ኖርማኖች በ1066 እንግሊዝን ከያዙ በኋላ ባሉት መቶ ዓመታት ይህ ቅጽል ቀስ በቀስ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ሆኖ፣ መዶሻ ጨብጦ የማያውቀውም ልጅ ስሚዝ ተባለ።

በእኛ አገር በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በ32ኛው ቍጥር እያንዳንዱ ሰው የቤተ ዘመድ ስም እንዲኖረው ደንግጎ ነበር። ዳሩ ግን እኔ በፍርድ ቤት መዝገብ የባለጉዳዩን ስም እስከ አያቱ እየጻፍሁ ስኖር፣ የቤተ ዘመድ ስም አለኝ ብሎ የቀረበ ኢትዮጵያዊ አላጋጠመኝም።

ይህን ያነሣሁበት ምክንያት፣ ልጄ ወደ ውጭ አገር ለትምህርት የምትልከውን ወረቀት ይዛ «አባዬ፣ በዚህ ባዶ ቦታ የቤተ ዘመድ ስም ምን ልበል?» ብላ ስለ ጠየቀችኝ ነው። ቅድመ አያቴ ማረሻና ማጭድ የሚሠሩ ባለ እጅ ነበሩና «ነሃቢ ብለሽ ጻፊ» አልኋት። በቀራንዮ የሚኖሩት አክስቴ ይህን በሰሙ ጊዜ እጅግ ተቈጡ። «አባቴ ከአገራቸው ወጥተው ኮልፌ የሠፈሩት ይህን ሊደብቁ አይደለምን? አንተ በወረቀት ልታወጣው ነው? ልጅቱንስ ማን ያገባታል?» አሉኝ።

ነገራቸው ከንቱ አይደለም። ማረሻውን ከባለ እጁ የሚገዛ ገበሬ ሠሪውን ግን ቡዳ ነው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል እያለ ልጁን አይድርለትም ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጁንና ሸማኔውን በሥራው ምክንያት ማንም እንዳይሰድብ በዐዋጅ ከልክለው ነበር፤ ነገር ግን ዐዋጅ አፍን ይዘጋ እንደ ሆነ እንጂ ጋብቻን አያዝም። ዛሬ በአጠና ተራ አካባቢ የብረት በርና መስኮት የሚበይዱትን ጐበዞች ቡዳ ብሎ የሚሸሻቸው የለም፤ እንዲያውም ዋጋቸው ተወደደ እያልን እንከራከራቸዋለን። አክስቴ ግን «እነርሱ ያባታቸውን ሥራ አልወረሱም፤ ስለዚህ አይነኩም» አሉኝ። ለዚህ መልስ አላገኘሁም።

በመጨረሻ ልጄ ራሷ ፈረደች። በባዶው ቦታ የቅድመ አያቴን የክርስትና ስም ጻፈች፤ ሥራቸውንም ለወንድሞቿ በማዕድ ላይ ነገረቻቸው። አክስቴም ዝም አሉ። ይህን ጽሑፍ እንዳወጣ ፈቅደውልኛል፤ ልጅቱ እስክታገባ ድረስ ስሜን እንዳልጽፍበት ግን ለምነውኛልና አልጻፍሁም።